የአዲግራትን ድንጋይ ስም ያወጣለት እንግሊዛዊ፦ ብላንፎርድ ከዙላ እስከ መቅደላ

ዓባይ በረሃ ያልወረደ የጂኦሎጂ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ወደ ድልድዩ ሲወረድ መምህሩ አውቶብሱን ያስቆማል። እጁን ወደ ገደሉ ዘርግቶ ይናገራል። ላይ ያለው ጥቁሩ ባዛልት ነው፣ የረጋ ላቫ፣ መሃል ላይ ነጣ ያለው አንታሎ የኖራ ድንጋይ፣ ታች ወንዙ አጠገብ ቀላ ብሎ የሚታየው ደግሞ አዲግራት አሸዋ ድንጋይ። ተማሪው ይጽፋል። እኔም ጽፌያለሁ። ለፈተናም ሸምድጄዋለሁ።

ጥያቄው የመጣልኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ዓባይ በረሃ በሸዋና በጎጃም መካከል ነው ያለው። አዲግራት ከዚያ በቀጥታ ቢለካ እንኳ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ታዲያ የዓባይ ድንጋይ የአዲግራትን ስም እንዴት ተሸከመ? ማን ነው እንዲህ ብሎ የጠራው? መቼ? አዲግራት ላይስ ምን ይሠራ ነበር?

ሰውየው ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ይባላል። እንግሊዛዊ ጂኦሎጂስት ነው። አዲግራት የደረሰው በ1868 ነው፣ ዓፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ከመጣው የጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ 1860 መሆኑ ነው።) ዛሬም በየትምህርት ቤቱና በየካርታው የምንጠቀምባቸው አራት ትልልቅ የድንጋይ ስሞች፣ አዲግራት፣ አንታሎ፣ አሸንጌና መቅደላ፣ ከዚያ የአንድ ዘመቻ ጉዞ የወጡ ናቸው። እንዴት እንደወጡ፣ ሰውየው ምን እንዳየና ምን እንዳመለጠው ማወቅ ለማንኛውም የአገሩን መሬት ለሚወድ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ጉዳዩን ከመነሻው እንየው።

ብላንፎርድ ለንደን ውስጥ በ1832 ተወለደ። አባቱ በወርቅ የተለበጠ የክፈፍ ጌጥ የሚያመርት ነጋዴ ነበር። ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ነው የታሰበው። ብራይተንና ፓሪስ ተማረ። ከዚያ ጣሊያን፣ ቺቪታቬኪያ ከተማ በሚገኝ አንድ የንግድ ቤት ሁለት ዓመት ያህል ሠራ። ወደ አገሩ ሲመለስ ግን ታናሽ ወንድሙ ሄንሪ አዲስ በተከፈተው የማዕድን ትምህርት ቤት ገብቶ አገኘው። እሱም ተከትሎ ገባ። ንግዱ በዚያው ቀረ። ጀርመን ፍራይበርግ ሄዶ አንድ ዓመት የማዕድን ትምህርት ጨመረበት። በ1854 መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወንድማማቾች በሕንድ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ያኔ ከሕንድ መሬት የሚፈልገው በዋናነት የድንጋይ ከሰል ነበር። ባቡር ያለ ከሰል አይሄድም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በኋላ ለአገራችን ጉዳይ የሚሆን ነገር እዚህ ጋ አለ።

ወንድማማቾቹ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ምሥራቅ ሕንድ፣ ታልቺር የሚባል የከሰል ቦታ ተላኩ። እዚያ ግራ የሚያጋባ ድንጋይ አገኙ። በደቃቅ ጭቃ ድንጋይ ውስጥ ትልልቅ ቋጥኞች ተበታትነው ተቀምጠዋል። አስቡት እስቲ። ደቃቅ ጭቃ የሚዘቅጠው በረጋ ውኃ ነው። ቋጥኝ የሚያንከባልል ኃይለኛ ውኃ ደግሞ ጭቃውን ጠርጎ ይወስደዋል እንጂ አያስቀምጠውም። ታዲያ ሁለቱ እንዴት አብረው ተገኙ? በ1856 የሰጡት መልስ ለዚያ ዘመን ደፋር ነበር፤ ቋጥኞቹን ያመጣቸው በረዶ ነው አሉ። በሐሩር ሕንድ! ሙቀቱ በሚያነድ አገር በጥንት ዘመን ግግር በረዶ ነበረ ማለት በጊዜው ለብዙ ሰው የሚዋጥ አልነበረም። ከጊዜ በኋላ ሌሎች ጂኦሎጂስቶች በሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ድንጋይ እያገኙ ሲመጡ እነ ብላንፎርድ ትክክል እንደነበሩ ታወቀ። ይህንን ታልቺር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ከ1862 እስከ 1866 ገደማ ምዕራብ ሕንድ ውስጥ ሠራ። እዚያ ያለው ዴካን የሚባለው ግዙፍ የባዛልት አምባ ነው። ከመሬት ስንጥቅ እየፈሰሰ አንዱ ላቫ በሌላው ላይ እንደ እንጀራ ተደራርቦ የተሠራ አገር። ጎኑ ደረጃ ደረጃ ያለው፣ አናቱ ጠፍጣፋ። የሰሜን ሸዋን ወይም የወሎን ተራራ ያየ ሰው ዴካንን ፎቶ ላይ ቢያይ አገሩ ይመስለዋል። እንግዲህ ብላንፎርድ ወደ እኛ ሲመጣ ዓይኑ ሠልጥኖ ነው የመጣው። ከሰል ያውቃል፣ አሸዋ ድንጋይ ያውቃል፣ ከሁሉም በላይ ባዛልት ያውቃል።

የዘመቻውን ታሪክ አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው አላስረዝመውም። ዓፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዙን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። እንግሊዝ ከቦምቤይ ጦር ላከች። ወደ 13,000 የሚሆን ወታደር፣ ከዚያ የሚበልጥ አገልጋይና ጫኝ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጋማ ከብትና ግመል፣ ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች። በቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ ወደብ ሠሩ፣ ባቡር ሐዲድ ዘረጉ። ከጦሩ ጋር አራት የሙያ ሰዎች ተመደቡ። ጂኦግራፊውን ክሌመንትስ ማርካም፣ እንስሳቱን ዊልያም ጄሲ፣ ጥንታዊ ቅርሱን ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣው ሪቻርድ ሆምስ፣ ድንጋዩን ደግሞ ብላንፎርድ። የእሱ ምደባ የመጣው በታኅሣሥ 1867 ነው፣ ጦሩ ገና እየወረደ ሳለ።

ዙላ ላይ ከጥይት በፊት የመጣው ችግር ውኃ ነበር። በረሃ ነው። ለሰውና ለከብት የሚጠጣውን ከባሕር ውኃ በመርከብ ላይ እያፈሉ እያጠሩ ነበር የሚያወጡት። ወደ ተራራው ሥር ደግሞ ሹል ጫፍ ያለው ቀጭን የብረት ቱቦ በመዶሻ መሬት ውስጥ እየመቱ በፓምፕ ውኃ ሳቡ። ይህ ዓይነቱ ቱቦ በዚህ ዘመቻ ስለታወቀ እንግሊዝ አገር ውስጥ የሐበሻ ጉድጓድ የሚል ስም ወጣለት። እንግሊዞች ጓሯቸው ውስጥ ሲቆፍሩ የእኛን ስም እየጠሩ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብላንፎርድ መንገዱን አልመረጠም። መንገዱን የመረጠው ጦሩ ነው። መመዘኛውም ውኃ፣ ሣርና በቅሎ የሚያስወጣ ዳገት ነበር። ለጂኦሎጂስት ይህ ከባድ እስራት ነው። ግራ ቀኝ ያለውን ተራራ ልውጣ ቢል ጦሩ ጥሎት ይሄዳል። አገሩም የጦርነት አገር ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ግን ያ መንገድ ራሱ የአገሪቱን ድንጋይ ከታች ወደ ላይ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ፣ ገጽ በገጽ የሚገልጥ መንገድ ሆነ። ሆነ ብሎ ሰው ቢነድፈው ከዚህ የተሻለ መስመር የሚያገኝ አይመስለኝም።

ከባሕሩ ጠርዝ ላይ ወጣት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ይህንን ከባሕሩ ማዶ፣ የመን ውስጥ ኤደን ላይ ካለው ጋር አያይዞ የኤደን ክፍል ብሎ መደበው። ከዚያ መንገዱ ኩማይሌን አልፎ ሱሩ የሚባለው ጠባብ ገደል ውስጥ ይገባል። ግድግዳው ሁሉ የተጣጠፈ፣ የተጨመቀ፣ በሙቀት የተለወጠ አሮጌ ድንጋይ ነው። ዛሬ ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ እንደሆነ እናውቃለን። የአገሩ መሠረት እሱ ነው። ከዙላ እስከ ሰንዓፈ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በዚያች መንገድ ከባሕር ወለል ተነስቶ 2,400 ሜትር ገደማ ይወጣል። (ዙላም ሰንዓፈም ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ናቸው።) ደጋው ላይ ሲደርስ አሸዋ ድንጋይ በአሮጌው መሠረት ላይ ተንጋሎ ይታያል። ወደ ደቡብ በሄደ ቁጥር አሸዋ ድንጋዩ እየወፈረ ይመጣል፣ አዲግራት አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ብሎ የቆመ የገደል ግድግዳ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው አዲግራት አሸዋ ድንጋይ ብሎ የሰየመው።

ነገሩ ቡና ላይ እንደምናደርገው ነው። ይርጋጨፌ ስንል ቦታውን ብቻ ማለታችን አይደለም። የአንድ ዓይነት ጣዕም መጠሪያ ሆኗል፣ ቶኪዮ ላይ ተቆልቶም ይርጋጨፌ ነው። ጂኦሎጂስትም አንድን ድንጋይ በደንብ ባየበት ቦታ ይሰይመዋል። ከዚያ ያው ድንጋይ ሌላ አገር ሲገኝ በመጀመሪያው ቦታ ስም ይጠራል። ዓዲ ግራት በትግርኛ የእርሻ አገር ማለት ነው ይላሉ። ከእርሻው አናት ላይ የቆመው ገደል በእርሻው ስም ተጠራ።

ጦሩ ከአዲግራት በዓዲ ባጋና በአጉላ በኩል ወደ ሕንጣሎ ወረደ። በመሃል የካቲት መጨረሻ ላይ ናፒየር ከትግራዩ ገዢ ከደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ከሆኑት ጋር ተገናኘ። ካሣ መንገድና ስንቅ ባይፈቅዱ ኖሮ ጦሩም አይደርስም፣ ብላንፎርድም ሕንጣሎን ባላየ ነበር። ሕንጣሎ ላይ ጦሩ ትልቅ ሰፈር ሠራ። እዚያ ያለው ድንጋይ ደግሞ ሌላ ነው። ነጣ ያለ፣ ቢጫማ፣ ንብርብር የኖራ ድንጋይ፣ በውስጡም የባሕር ፍጥረቶች ዛጎል ያለበት። ከባሕር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ አገር ላይ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል!

እዚህ ላይ የእንግሊዝ ልጅ መሆኑ ጠቀመው። ከእሱ 70 ዓመት በፊት ዊልያም ስሚዝ የሚባል የአንጥረኛ ልጅ፣ ባት በምትባል ከተማ አካባቢ የመርከብ ቦይ ሲያስቆፍር አንድ ነገር አስተዋለ። እያንዳንዱ የድንጋይ ንብርብር የራሱ የሆነ ቅሪተ አካል አለው፣ ስለዚህ ዛጎሉን አይተህ ንብርብሩን መለየት ትችላለህ። ስሚዝ በዚህ መንገድ ነው በ1815 የእንግሊዝን የጂኦሎጂ ካርታ ያወጣው፣ አገሩን በእግርና በፈረስ ሲያስስ ኖሮ። ገንዘቡን ሁሉ በዚህ ጨርሶ በ1819 በዕዳ ታስሯል፣ ሰውየው ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የባት ኖራ ድንጋይና የሕንጣሎ ኖራ ድንጋይ ደግሞ የአንድ ዘመን፣ የዳይኖሰሮቹ የጁራሲክ ዘመን ልጆች ናቸው። ብላንፎርድ ሕንጣሎ ላይ ዛጎሎቹን አይቶ ድንጋዩን ከአገሩ ድንጋይ ጋር አመሳከረ። ትክክል ነበር። አንታሎ የኖራ ድንጋይ ብሎም ሰየመው። የቦታው ሰው ሕንጣሎ ይላል፣ እሱ በፈረንጅ ጆሮ እንደተሰማው ጻፈው፣ ጂኦሎጂስቱም እስከ ዛሬ አንታሎ እያለ ቀረ። እኔ በበኩሌ በአማርኛና በትግርኛ ስንጽፍ እንኳ ሕንጣሎ ብንለው ደስ ይለኛል።

ከሕንጣሎ በኋላ ኖራው ያልቃል፣ ባዛልቱ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ እስከ መቅደላ ድረስ ሌላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። አሸንጌ ሐይቅ አካባቢ ያየው ባዛልት የተጋደመ ሳይሆን የተዘነበለ፣ የተበላሸና የበሰበሰ፣ በውስጡ ነጫጭ ማዕድን የሞላባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉበት ነበር። ላስታን አልፎ ዋድላ ደጋ ላይ ሲወጣ ግን ላቫው አግድም ተዘርግቶ፣ ተደራርቦ፣ በመሃሉ ነጣ ያለ ሌላ ዓይነት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየገባበት አገኘው። ከዚያ ጂዳ፣ ከዚያ በሽሎ። ሁለቱም ባዛልቱን ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ታች የቆረጡ ሸለቆዎች ናቸው። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ 70 ኩንታል የሚመዝነውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማጓጓዝ በነዚህ ሸለቆዎች ውስጥ ዳገቱን እየፈለጡ መንገድ አሠርተው ነበር። ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ ያሠሩት መንገድ ነው። ናፒየር የወረደበት ያንኑ መንገድ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል።

ብላንፎርድ ባዛልቱን ለሁለት ከፈለው። የተዘነበለውን አሮጌውን አሸንጌ፣ ከላይ አግድም የተኛውን መቅደላ አለው። በሁለቱ መካከል ረጅም ጊዜ እንዳለፈ ገመተ። ታችኛው ተዘንብሎና ተሸርሽሮ ካበቃ በኋላ ነው ላይኛው የፈሰሰበት ብሎ ነው። ሕንድ ውስጥ ዴካንን አራት ዓመት ስላየ ባዛልትን ከባዛልት መለየት ያውቅበታል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በእኛ አቆጣጠር፣ አፕሪል 13 ቀን 1868 በእነሱ፣ መቅደላ ወደቀች። ቴዎድሮስ እጃቸውን አልሰጡም፣ ራሳቸውን አጠፉ። ከዚያ ዘረፋው መጣ። ታቦት፣ ዘውድ፣ ጽዋ፣ የብራና መጻሕፍት። ከመጻሕፍቱ ወደ 350 የሚሆኑት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ተወሰደ፣ በ1879 እንግሊዝ አገር ሞተ። የመቅደላ ባዛልት የሚለው ስም የወጣው በዚያው ዘመቻ ውስጥ ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህን ማንም አልነገረኝም። ስሙን ስጽፍ የነበረው እንደ ማንኛውም የድንጋይ ስም ነው።

ብላንፎርድ ቅርስ ዘራፊ ነበር አልልም። ድንጋይ፣ ወፍና ቀንድ አውጣ ነው የሰበሰበው። ግን ያለ ጦሩ አይመጣም ነበር፣ የጦሩን ስንቅ ነው የበላው፣ በጦሩ ጥበቃ ነው የተጓዘው። ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል ብዬ አስባለሁ። ሥራው እውነተኛ ሳይንስ ነው፣ የመጣበት መንገድ የወረራ መንገድ ነው። አንዱን ለማስቀረት ሌላውን መደበቅ አይገባም።

ጦሩ በሰኔ አገሩን ለቆ ሲወጣ ብላንፎርድ ወዲያው አልሄደም። ከጄሲ ጋር ወደ አንሰባና ወደ ሐባብ አገር፣ በዛሬዋ ሰሜን ኤርትራ፣ እንስሳትን ለማጥናት ወጣ። ሰውየው ከድንጋይ ባልተናነሰ እንስሳት ይወድ ነበር፣ በተለይ የየብስ ቀንድ አውጣዎችን። በኤርትራና በአካባቢው የምትኖር አንዲት ትንሽ ወፍ በኋላ በስሙ ተሰይማለች። በ1870 የጉዞውን፣ የድንጋዩንና የእንስሳቱን ውጤት አንድ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ። ከእሱ በፊት በ1840ዎቹ ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ትግራይንና የስሜን ተራሮችን አጥንተው ነበር፣ ስለዚህ የመጀመሪያው አይደለም። ድንጋዩን በቅደም ተከተል ደርድሮ፣ የቦታ ስም ሰጥቶ፣ ሌላው ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ያስቀመጠው ግን እሱ ነው። መሬት ላይ የቆየው ከአንድ ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው። ከባሕር እስከ መቅደላ ደርሶ መልስ ያለው ደግሞ ጥቂት ወራት ብቻ።

እነዚያ ስሞች ከዚያ በኋላ ብዙ ተጓዙ። አዲግራት አሸዋ ድንጋይ ዓባይ በረሃ ውስጥ ተገኘ። ወደ ምሥራቅም ሄደ። ኦጋዴን ውስጥ፣ በካሉብ የጋዝ መስክ፣ ጋዙን በቀዳዳዎቹ ይዞ ከተቀመጡት ድንጋዮች አንዱ አዲግራት ነው። ሶማሊያ ውስጥም በዚሁ ስም ይጠሩታል። አንታሎ ደግሞ የመቀሌ ሰው ቤት የሚሠራበት ድንጋይ ነው። መቀሌ ላይ ሲሚንቶ የሚመረተው ከእሱ ነው። መቀሌ አካባቢ ውፍረቱ እስከ 700 ሜትር ይደርሳል። በየቀኑ ብዙ ሰው የሚረግጠው፣ የሚጠርበው፣ የሚያቃጥለው ድንጋይ ነው።

ደግሞ ይህ መባል አለበት። ስም አወጣለት እንጂ ድንጋዩን ያወቀው እሱ መጀመሪያ አይደለም። ገርዓልታ ላይ ገደሉን ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን ያነፁ ሰዎች የአሸዋ ድንጋይን ጠባይ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። የቱ ንብርብር ጠንካራ እንደሆነ፣ የቱ በመዶሻ እንደሚታዘዝ፣ ጣሪያው የቱ ጋ ቢሆን እንደማይናድ ሳያውቁ አንድ አምድ እንኳ አይቆምላቸውም። ላሊበላም እንዲሁ፣ ያኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እውቀታቸው በሥራቸው ላይ ነው የተጻፈው። በመጽሔት አልታተመም፣ ግን እውቀት ነው።

ሰውየው የቱ ላይ ተሳሳተ? ብዙ የተነሳው አሸንጌና መቅደላ ላይ ነው። አሸንጌ አካባቢ ያለው ባዛልት የተዘነበለው አገሩ ወደ አፋር የሚወርድበት ጠርዝ ላይ ስለሆነ ነው፣ መሬቱ እዚያ ተሰንጥቆ፣ ተሰባብሮ፣ ጋደል ብሏል። ስለዚህ ዘንበል ማለቱ ብቻውን የዕድሜ ምስክር ሊሆን አይችልም። በኋላ የመጡ ጂኦሎጂስቶች ለባዛልቱ ሌሎች ስሞች ጨመሩ፣ አላጄ፣ ጣርማ በር እያሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ በቤተ ሙከራ ዕድሜው ሲለካ ይበልጥ የሚገርም ነገር መጣ። የዚህ ግዙፍ የባዛልት ክምር አብዛኛው ክፍል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው የፈሰሰው። በመሬት ታሪክ ይህ እንደ አንድ ክረምት ነው። ብላንፎርድ ያሰበው ረጅም ክፍተት በየቦታው አይሠራም ማለት ነው። ግን ዕድሜ መለኪያ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን፣ ከመንገድ ሳይወጣ፣ በዓይኑና በመዶሻው ብቻ የደረደረው ቅደም ተከተል፣ መሠረቱ ታች፣ ከዚያ አሸዋው፣ ከዚያ ኖራው፣ ከዚያ ባዛልቱ፣ ዛሬም እንዳለ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከእኛ አገር ከሄደ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልበል። በ1872 ከድንበር ኮሚሽን ጋር ፋርስን ተሻገረ። በ1879 ከሜድሊኮት ጋር የሕንድን ጂኦሎጂ አንድ ላይ የሰበሰበ መጽሐፍ አወጣ። በ1882 ጡረታ ወጣ። በ1883 የለንደን ጂኦሎጂ ማኅበር ዎላስተን ሜዳልያን ሰጠው፣ ያው ሜዳልያ መጀመሪያ የተሰጠው ለዚያ በዕዳ ለታሰረው ለዊልያም ስሚዝ ነበር። በኋላም የዚሁ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። ዕድሜውን በሕንድ እንስሳት ላይ ተከታታይ መጻሕፍት ሲያዘጋጅ ጨረሰ፣ በ1905 ለንደን ሞተ።

አሁን ወደ ታልቺር ልመለስ።

ብላንፎርድ አዲግራት ላይ ቆሞ አሸዋ ድንጋዩን ሲያይ ከሥሩ ያለውን ሁሉ በአንድ ስም ጠቀለለው። ጦሩ ወደ ደቡብ እየሄደ ነበር። ወደ ምዕራብ፣ ወደ እንጢጮና ወደ ዕዳጋ ዓርቢ፣ አልሄደም። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1971፣ ሦስት ጂኦሎጂስቶች፣ አንዱ ኢትዮጵያዊ፣ ከአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በታች ሌላ ነገር እንዳለ አሳወቁ። እንጢጮ አሸዋ ድንጋይ የሚሉት ንብርብርና ዕዳጋ ዓርቢ ላይ የተገኘ የግግር በረዶ ክምችት። ደቃቅ ጭቃ ድንጋይ፣ በውስጡ የተበታተኑ ቋጥኞች። ከኋላ የመጡ ጥናቶች ዕድሜውን ሲያዩ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ፣ ከታልቺሩ ጋር የአንድ ዘመን በረዶ። ሕንድና አፍሪካ ያኔ አንድ መሬት ነበሩ።

በ1868 በምድር ላይ ያንን ድንጋይ አይቶ ይህ በረዶ ነው ሊል የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አንዱ ከአዲግራት ወደ ዓዲ ባጋ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ከዝሆኖቹ ጋር ወደ ደቡብ ይሄድ ነበር፣ ዕዳጋ ዓርቢን በስተቀኙ ትቶ።